እየሠራሁ የአካል ጉዳት ድጎማ ባመለክት ችግር አለው?

የቧንቧ ውሃዋ ልጅ (በርሚንግሃም)፦
ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ኬር ሆም ውስጥ ነው የምሠራው። ከዓመት በላይ ሆነኝ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ ሕመም ይዞኛል። ጠዋት ጣቶቼ እሺ ብለው አይታጠፉም። የሥራ ልብሴን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ልጄ ናት። ሐኪሜ ፒፕ የሚባለውን የእንግሊዝ የአካል ጉዳት ድጎማ አመልክቺ አለችኝ። እየሠራሁ ባመለክት አጭበረበረች አይሉኝም? አለቃዬስ ይሰማል? ደግሞ እናቴ ደሴ ታማብኛለች። ሄጄ አራት ወር ያህል ላስታምማት አስቤያለሁ። ብሩ ቢፈቀድልኝ በዚህ ምክንያት ይቋረጣል? የመኖሪያ ፈቃዴ ቋሚ ነው። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ከሐረጎ ማዶ (ቨርጂኒያ)፦
እህቴ፣ በጣም ተጠንቀቂ። እኔ በዚህ ጉዳይ ብዙ የሀገር ልጅ ረድቻለሁ። የሶሻል ሴኩሪቲ ዲሳቢሊቲ የሚሰጠው መሥራት ላቃተው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ዓይነ ስውር ያልሆነ ሰው በወር ከ1,620 ዶላር በላይ ከሠራ መሥራት ይችላል ተብሎ ነበር የሚታየው። ከተፈቀደልሽ በኋላ 9 ወር የሙከራ ሥራ ይሰጡሻል። በዚያ ጊዜ የፈለግሽውን ያህል ብታገኚ ቼኩ አይቆምም። ኤስኤስአይ የሚባለው ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው ደግሞ ሌላ ነው፤ ለብቻው የሚኖር ሰው የሚቆጠር ንብረቱ ከ2,000 ዶላር ማለፍ የለበትም። ስለዚህ ሙሉ ሥራ ይዘሽ ማመልከት ጊዜ ማባከን ነው። መጀመሪያ ሰዓትሽን ቀንሺ።

እሙ ሀናን (ለንደን)፦
ወንድሜ፣ ያልከው ለአሜሪካ ልክ ነው። እሷ ግን እንግሊዝ ነው ያለችው። እባክሽ እህቴ፣ በዚህ ተነስተሽ ሰዓትሽን እንዳትቀንሺ!

ፒፕ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ደመወዝ አያይም፣ ቁጠባ አያይም፣ ታክስም የለበትም። ሙሉ ሰዓት የሚሠራም ይወስዳል። የሚያዩት ሕመሙ ኑሮሽን እንዴት እንደያዘው ነው። ችግሩ ሦስት ወር የቆየ፣ ወደፊትም 9 ወር የሚቀጥል መሆን አለበት። ሁለት ክፍል አለው፣ የዕለት ኑሮና መንቀሳቀስ። በአንዱ 8 ነጥብ ካገኘሽ ዝቅተኛው፣ 12 ካገኘሽ ከፍተኛው ይከፈልሻል። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በነበረው ዓመት የዕለት ኑሮው ዝቅተኛ ክፍያ በሳምንት 73.90 ፓውንድ ነበር።

ፈቃድሽ ቋሚ ስለሆነ አብሽሪ። ግን ይህን የምታነቡ ሌሎች፣ ፈቃዳችሁ ላይ የመንግሥት ድጎማ አይፈቀድም የሚል ካለ ፒፕን እንዳትነኩት። ቪዛችሁን ይነካል። መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ።

አሁን ስለ ቅጹ። እንጀራ መጋገር አቃተኝ ብለሽ አትጀምሪ። እነሱ የሚጠይቁት ለአንድ ሰው የሚሆን ቀላል ምግብ ነው። ሽንኩርት ስትከትፊ ቢላው ከእጅሽ ይወድቃል? ድስት ከምድጃ ማውረድ ያቅትሻል? የጠርሙስ ክዳን ማን ይከፍትልሻል? እሱን ጻፊ። አንድ ጊዜ መቻል እንደ መቻል አይቆጠርም። ሳትጎጂ፣ በደንብ፣ ደጋግመሽ፣ በተገቢው ጊዜ መሥራት መቻል አለብሽ። ካርዲጋን ለመልበስ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅብሽ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ብለሽ ጻፊ።

ከሁሉ በላይ የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። የእኛን ሰው የሚጎዳው አስተዳደጋችን ነው። "እንዴት ነሽ?" ሲባል "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" እንላለን። ታላቅ እህቴ በስልክ ሲጠይቋት እንደዚያ ነበር ያለችው። ሌሊቱን ስታቃስት አድራ! ሪፖርቱ ላይ "ደህና ነኝ ብላለች" ተብሎ ተጻፈ፣ ነጥብ አላገኘችም። ውሳኔው በደረሳት በአንድ ወር ውስጥ እንደገና ይታይልኝ ብላ የሩማቶሎጂ ሐኪሟን ደብዳቤ አያይዛ ላከች፣ ተፈቀደላት። ፈጣሪን አመስግኚ፣ ያመመሽን ግን አትደብቂ።

የሸዋ በር ልጅ (ሊድስ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሙ ሀናን፣ ያልሽውን ሰምቻለሁ፣ ግን ልቤ አልተቀበለውም። የእኔ አባት በአንድ እግሩ ነው ሸዋ በር ጨርቅ ሸጦ ያሳደገን። የማንንም እጅ አላየም። እኛ ሠርተን ልንበላ መጥተን፣ ደመወዝ እየተቀበልን በዚያ ላይ የበሽተኛ ብር መደረብ ያሳፍራል። በኋላ "ሐበሾቹ ድጎማ ለመብላት ነው የመጡት" ሲባል ሁላችንም ነን የምንሰደበው።

ጡረተኛው (ኮምቦልቻ)፦
ልጆቼ፣ እኔ እዚሁ ኮምቦልቻ ነው ያለሁት፣ ቦርከና ዳር። ሊድስ ያለኸው ልጄ፣ የአባትህን ጥንካሬ አከብራለሁ። ግን አባትህ ድጋፍ ቢያገኙ እምቢ የሚሉ ይመስልሃል? አጥተው ነው እንጂ።

ፋብሪካ እሠራ በነበረበት ዘመን አንድ ባልደረባችን ሁለት ጣቱን ማሽን ወሰደበት። ወጣት ነበር። በአንድ ጊዜ የተወሰነ ገንዘብ ሰጥተው አሰናበቱት። መሥራት ይችል ነበር፤ ሌላ ቦታ ቢመድቡት ዛሬ ጡረታ ይወጣ ነበር። ዛሬ ሕጉ ተሻሽሏል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛ በሥራ ቦታው እንዲመቻችለት አሠሪውን ያስገድዳል። የግል ድርጅት ሠራተኛም ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ይከፍላሉ። ግን የጤና ጉድለት አበል የሚከፈለው ከሥራ ለተሰናበተ ነው። እዚህ ያደገ ሰው የጉዳት ብር ሲባል የሚታየው ሥራ ማቆም ነው። ሰው እየሠራ እንዲቆይ የሚያግዝ ገንዘብ ካለ ምኑ ነው ነውሩ?

እሙ ሀናን (ለንደን)፦
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን! እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። አክሰስ ቱ ወርክ የሚባልም አለ። አውቶቡስ መሳፈር ለማይችል ሠራተኛ የታክሲውን ተጨማሪ ወጪ ይሸፍናል፣ ለሥራው የሚያስፈልግ ዕቃም ይገዛል። እሱማ የሚሰጠው ለሚሠራ ወይም ሥራ ሊጀምር ለተቃረበ ሰው ነው።

የአይጠየፍ ሰፈር (ማንችስተር)፦
አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ያሽርሽ። ከእኔ አንድ ምክር ስሚ። ቢፈቀድልሽ ለቤተሰብ እንዳትናገሪ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬው ከተለቀቀ ወዲህ እዚያ ያለው ሰው ፓውንዱን በብር እያባዛ ነው የሚያስበው። የዘይቱና የጤፉ ዋጋ አብሮ መናሩን ግን እኛም እንረሳለን። እኔ ትርፍ ሰዓት መግባቴን ለወንድሜ በነገርኩት ሳምንት "ኮምቦልቻ የጀመርነውን ቤት ቆርቆሮ እናልብሰው" አለኝ። ያ ብር ለእጅሽ ነው። የተከተፈ ሽንኩርት ግዢበት፣ ሲያምሽ ታክሲ ያዢበት።

የቧንቧ ውሃዋ ልጅ፦
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ወንድሜም የእናታችንን መድኃኒት ብቻ ሳይሆን የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያም እየጠየቀኝ ነው። ለእሱማ እንዴት እደብቃለሁ? ስለ አራቱ ወርና ስለ አለቃዬ የሚያውቅ የለም?

እሙ ሀናን፦
ለጉብኝት ስትወጪ እስከ 13 ሳምንት ይከፈልሻል። አራት ወር ያልፋል። 26 ሳምንት የሚፈቀደው አንቺው ለሕክምና ከሄድሽ ነው፣ እናትን ማስታመም አይቆጠርም። ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ አሳውቂ።

የሸዋ በር ልጅ፦
ይኸው! እናቷን ለማስታመም እንኳ ሳምንት ይቆጠርባታል ማለት ነው። ለ73 ፓውንድ ብላ እናቷን ጥላ ልትመለስ ነው? እኔ ብሆን አልነካውም።

እሙ ሀናን፦
እናቷን ጥላ ትመለስ ያለ የለም። ብትቆይ የሚቆመው ድጎማው ነው። ኬር ሆሙስ የአራት ወር ፈቃድ ይሰጣታል? እሱንም ትጠይቅ። ደግሞ "እኔ ብሆን" አትበል ወንድሜ፣ የአንተ ጣት ይታጠፋል።

የሸዋ በር ልጅ፦
ስለ ጣቴ ምን ታውቂያለሽ? ፋብሪካ ውስጥ በማታ ሺፍት ነው የምሠራው። ወገቤን ይዤ እየገባሁ ነው።

ጡረተኛው (ኮምቦልቻ)፦
እንግዲያው አንተም ሐኪም ጋ ሂድ ልጄ። ለእናትህ ደውዬ እነግራታለሁ።