አኒሜሽኑን አይተውም ጥንድ ጥንዱን ይስላሉ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም የኬሚስትሪ መምህራን፣ እስቲ አንድ ነገር አማክሩኝ።

ለ9ኛ ክፍል ልጆች ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የሚያሳይ አኒሜሽን በፕሮጀክተር አሳየኋቸው። የውሃ ሞለኪውሎች በኦክስጅናቸው በኩል ሶዲየሙን፣ በሃይድሮጅናቸው በኩል ክሎራይዱን ከበው ከክሪስታሉ ሲነቅሉት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልጆቹ በጣም ወደዱት። «በሉ ያያችሁትን ሳሉ» ስላቸው ግን ብዙዎቹ ሶዲየምና ክሎራይድ ተጣብቀው ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲንሳፈፉ ሳሉልኝ! አንዷማ «ቲቸር፣ ኦክስጅን ቀይ ከሆነ አየሩ ለምን አይቀላም?» አለችኝ። ጥያቄዋ ግሩም ነው። ቀለሙ ለመለያ ብቻ እንደሆነ ቪዲዮው የትም አይናገርም።

ትረካው እንግሊዝኛ ነው፣ ያውም ጥድፍ ጥድፍ የሚል። ድምፁን አጥፍቼ ራሴ በአማርኛ ባስረዳ ይሻላል? ወይስ መጀመሪያ ገምተው ይሳሉና ከዚያ ይዩት?

የጨው ውሃ ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ በባትሪና በትንሽ ኤልኢዲ አምፖል ማሳየት እችላለሁ። ጥንዶቹ ሳይለያዩ ቢቀሩ አምፖሉ አይበራም ነበር፤ ስለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይመስለኛል። ግን ከቪዲዮው በፊት ላሳይ ወይስ በኋላ?

የክፍለ ጊዜው አጭር ነው፣ መብራቱም አይታመንም። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ቆም እያደረግኩ የማሳየው አኒሜሽን ካላችሁም ጠቁሙኝ።