ፓርኬ ላይ የቀረ ጥቁር እድፍ በምን ይለቃል?

ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ የጣውላ ወለል የሚገባችሁ ሰዎች እርዱኝ። የእናቴ ሳሎን ፓርኬ ነው፣ የድሮ፣ እሷ በየሳምንቱ ሰም ቀብታ በጨርቅ እያሸች ፊት እስኪያሳይ ድረስ ነው የያዘችው። ለበዓሉ ቄጤማ ጎዝጉዘን ውሃ አርከፍክፈንበት ነበር እና እንግዳ ስለበዛ ሁለት ቀን ሙሉ ሳናነሳው ቆየ፣ ስንጠርገው ረከቦቱ ከነበረበት አጠገብ እንጨቱ ጠቁሯል፣ የሳሩ ቅርጽ ራሱ መስመር መስመር ሆኖ ቀርቷል።

እኔ ደግሞ ቸኩዬ በረኪና በውሃ በጥብጬ ፈተግኩት፣ ሰሙ ተነሳና ቦታው ነጣ ብሎ ሻከረ፣ ጥቁሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ሁለት ጣውላዎችም ጠርዛቸው ቀና ብሏል። እናቴ ምንም አላለችኝም፣ ብቻ ጎንበስ ብላ በእጇ ዳበስ ስታደርገው አንጀቴን በላችው።

ጎረቤት በነጭ ጋዝ ወልውሉት ይላል፣ ከሰል በሚነድበት ቤት ግን እሱን አልደፍርም። አናጢ ደግሞ ሙሉውን በማሽን ካልተላጠ አይሆንም አለኝ፣ ከዚህ በፊት ሁለቴ ስለተላጠ ጣውላው እንዳይሳሳ ፈራሁ። ያቺን ቦታ ብቻ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሽቼ መልሼ ሰም ብቀባው ከሌላው ጋር ይመሳሰላል? የተነሱትስ ሲደርቁ ራሳቸው ይተኛሉ ወይስ ነቅሎ በኮላ መለጠፍ ነው? ቫርኒሽ ቀቡት የሚልም አለ፣ ግን ሰም የጠጣ እንጨት ቫርኒሽ አይዝም ሲባል ሰምቻለሁ። የሞከራችሁት ካለ ንገሩኝ፣ እሷ ከገዳም ሳትመለስ ብጨርሰው ደስ ይለኛል።