ክርክር፦ የሀዋሳ ሀይቅ ዳር መንገድ መግቢያ ይከፈልበት ወይስ ክፍት ይቆይ?

የታቦር ልጅ፦
ሰላም የሀዋሳ ልጆች። ትናንት ሰፈር ቡና ላይ ተነስቶ ሳያልቅ የተበተነ ክርክር አለ፣ እዚህ እንቀጥለው። ከፍቅር ሀይቅ የአሳ ገበያው ወዳለበት አሞራ ገደል የሚወስደው የሀይቁ ዳር መንገድ በደንብ ይሰራ፣ መብራት ይግባለት፣ መቀመጫ ይኑረው በሚለው ማንም አልተቃወመም። ፀቡ የመጣው ከዛ በኋላ ነው። ግማሹ ሰው ሲሰራ አብሮ ይታጠር፣ በር ይበጅለት፣ 20 ብርም ይሁን 30 ብር መግቢያ ይከፈልበት አለ። እኔ በፍፁም አልኩ። ሀይቁ ለዚች ከተማ ግቢዋ ነው፣ ሰው በገዛ ግቢው ትኬት ቆርጦ አይገባም። ሂሳቡን አስሉት እስቲ፣ በየቀኑ ጠዋት ዎክ የሚያደርግ ሰው በ20 ብር በወር 600 ብር ነው፣ ባልና ሚስት ከሆኑ 1,200፣ ሻይ እንኳን ሳይጠጡ ለመራመድ ብቻ። የምትቃወሙኝ በምክንያት ኑ።

ባለሱቋ፦
እኔ እቃወምሃለሁ ወንድሜ። ሱቄ ሀይቅ ዳር አካባቢ ነው፣ ሰኞ ጠዋት መጥተህ እየው። የውሃ ፕላስቲክ፣ ፌስታል፣ የጫት ገራባ፣ የተሰበረ የቢራ ጠርሙስ። ባለፈው የእህቴ ልጅ በባዶ እግሩ ሮጦ ጠርሙስ ቆርጦት ሶስት ቦታ ተሰፋ። ነፃ የሆነ ቦታ ባለቤት የለውም፣ እውነቱ ይሄ ነው። አሞራ ገደል ለመግባት ድሮም ትኬት ይቆረጣል አይደል እንዴ፣ ተከፍሎም ሰው ጢም ብሎ ነው አሳውን የሚበላው። 20 ብር ከፍሎ የገባ ሰው ቆሻሻ ሲጥል ጠባቂው ይናገረዋል፣ ዛሬ ማን ይናገረዋል? እኔ ተናግሬ ተሰድቤ አውቃለሁ።

የታቦር ልጅ፦
ስለ ልጁ አዝናለሁ እህቴ፣ እግዚአብሄር ይማረው። ግን ጠርሙሱን ያመጣው በር አለመኖሩ ነው ወይስ ቆሻሻ መጣያና ጠራጊ አለመኖሩ? ፒያሳ ገብርኤል ዙሪያ ትኬት አይቆረጥም፣ ግን ጠዋት ስታልፊ ተጠርጎ ነው የምታገኚው። ጠራጊ ስላለው ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ እኔ እድሜ ልኬን በዚች ከተማ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስኳር አለብኝ። ሀኪሙ መድሃኒቱን ከፃፈልኝ በኋላ በእግርህ ሂድ አለኝ፣ ይኸው በየቀኑ ከ12 ሰአት ጀምሮ ግድቡ ላይ እሄዳለሁ፣ እዛ የማገኛቸው እኩዮቼ አብዛኞቹ እንደኔው ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ናቸው። አሁን ወጣቶቹ እንደ መናፈሻ የምታዩት ያ መራመጃ እኮ ለመናፈሻ ተብሎ አልተሰራም፣ በ1990 አካባቢ ሀይቁ ሞልቶ ወደ ከተማው ሲመጣ ውሃውን ለመከላከል የተካበ ግድብ ነው። ሰው ራሱ በእግሩ እየሄደ መንገድ አደረገው። ይሄን የምላችሁ ለምንድነው፣ ከተማ ፕላን ሲያወጣ አስቀድሞ ሰው የት የት እንደሚሄድ ይይ፣ የሰው እግር ያወጣውን መንገድ ያክብር። ከጡረታዬ ላይ በወር 600 ብር አውጣ ካላችሁኝ እቀራለሁ፣ እውነቴን ነው።

ባለሱቋ፦
ጋሼ ለእርስዎማ ማን ይከፈል ይላል፣ ለአዛውንትና ለተማሪ ነፃ ማድረግ ይቻላል።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ እግዚአብሄር ይስጥልኝ። ግን በር ላይ ቆሜ መታወቂያ እያሳየሁ ሽማግሌ ነኝ ብዬ እንድለምን ነው? እሱም ቢሆን ይከብደኛል።

የወፍ አስጎብኚ፦
እኔ ከክፍያው በፊት አሰራሩ ያሳስበኛል። ትኬቱን ዛሬ ጀምሮ ነገ ማቆም ይቻላል፣ ሲሚንቶ ግን አንዴ ከፈሰሰ አይነሳም። ሰው "ይዋብ" ሲል ብዙ ጊዜ በአይምሮው ያለው ታይል፣ ዘንባባ እና ባለ ቀለም መብራት ነው። የሀዋሳ ሀይቅ ዳር ያለውን ደንገልና ሳር አንስታችሁ እስከ ውሃው ድረስ በድንጋይ ከገነባችሁት ቆሮሶ የሚባለው አሳ የት ሊራባ ነው? ጫጩት አሳው የሚያድገው ጥልቀት በሌለው ሳር ባለበት ዳር ላይ ነው እኮ፣ አሞራ ገደል የምትበሉት አሳ ከዛ ነው የሚመጣው። ወፉም እንደዛው። ጉሬዛው ደሞ ትልልቆቹ ሾላዎች ላይ ነው የሚውለው፣ ሾላ ተቆርጦ ዘንባባ ቢተከል ጉሬዛም ይሄዳል ጥላም አይኖርም፣ ዘንባባ በ8 ሰአት ፀሀይ ለማን ጥላ ሆኖ ያውቃል? ቱሪስት ይዤ ስመጣ አንድም ሰው ታይል አሳየኝ ብሎኝ አያውቅም። አሳ አዳኙን ንስር፣ አባ ኮዳውን፣ ጉማሬውን ነው የሚጠይቁኝ።

ሌላ ደሞ፣ ይሄ ሀይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። በጥቁር ውሃ ወንዝ የገባው፣ ከከተማው ዲች የወረደው፣ ከእርሻ የታጠበው ሁሉ እዛው ይቀራል። ድሮ ደለሉን ያጣራ የነበረው ከምስራቅ በኩል ያለው ጨለለቃ ነበር፣ እሱ ራሱ በደለል ተሞልቶ ከሀይቅነት ወደ ረግረግነት ወርዷል። ስለዚህ ውሃው ነገም ከፍ ሊል ይችላል። ግድቡ ለምን እንደተሰራ ጋሼ ነግረውናል፣ እዛው ውሃው አፍ ላይ ካፌ በብሎኬት የሚገነባ ፕላን እኔ አልቀበልም።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሁላችሁም የማታነሱትን ላንሳ፣ ሽንት ቤት። ሁለት ልጅ ይዤ ሀይቅ ዳር ስሄድ አንድ ሰአት ሳይሞላ "እማዬ ሽንቴ መጣ" ነው፣ የት ልውሰዳቸው? ሬስቶራንት ገብቼ ሳልፈልግ ለስላሳ አዝዤ ነው የምንጠቀመው። የማያዝ ሰው ደሞ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው የሚገባው። ይሄ የማፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ በዚህ ሀይቅ ቢልሃርዝያ እንዳለ ይታወቃል። የሰው አይነምድር ዝናብ አጥቦት ውሃ ሲገባ ትሉ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና ተመልሶ እግሩን ውሃ ውስጥ የነከረ ልጅ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ስለዚህ ከፋውንቴንም ከሀውልትም ከፎቶ መነሻ ልብ ቅርፅም በፊት ሽንት ቤት፣ ውሃ ያለው፣ በር የሚዘጋ፣ ለሴት ለብቻ። ከዛ መብራት። ማታ ከ12 ሰአት ተኩል በኋላ ሴት ልጅ ብቻዋን እዛ አትሄድም፣ ወንዶቹ ይሄን ስለማታዩት ነው ስለ ታይል የምትከራከሩት። ደረጃ ብቻ አትስሩ ደሞ፣ የልጅ ጋሪ የሚገፋ ሰውም በዊልቸር የሚሄድ ሰውም በደረጃ አይወርድም።

ባለሱቋ፦
ሽንት ቤቱ ላይ መቶ በመቶ ካንቺ ጋር ነኝ።

ፕላን ያጠናሁ፦
ከሙያዬ ልናገር። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 የሚባል አለ፣ መዋቅራዊ ፕላን ማለትም የከተማው ዋና ፕላን ከመፅደቁ በፊት ህዝብ እንዲወያይበት ያስገድዳል፣ አንዴ ከፀደቀ ደሞ ለ10 አመት ነው የሚሰራው። ህገ መንግስቱም አንቀፅ 92 ላይ ሰው በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ጉዳይ ሀሳቡን የመስጠት መብት አለው ይላል። ስለዚህ ይሄ ክርክራችን የቡና ወሬ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። በከተሞቻችን ፕላን ላይ 30 30 40 የሚባል መርህ አለ፣ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶ ለግንባታ። ወረቀት ላይ አረንጓዴ የተቀባ ቦታ ግን ካልታጠረና ካልተተከለ በአምስት አመት ውስጥ ጋራዥ ወይም የእንጨት መሸጫ ሆኖ ነው የምታገኙት፣ በስራዬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

እና አንድ ነገር ልቃወማችሁ፣ ሁላችሁም ሀይቁ ላይ ተቸንክራችኋል። ከአቶቴ ማዶ ወይም ከቱላ በኩል ያለ ልጅ ሀይቁን ለማየት ደርሶ መልስ ባጃጅ መክፈል አለበት፣ ለእሱ መግቢያው ተከፍሏል ማለት ነው ከበሩ ሳይደርስ። ለአንድ ማሳያ ፓርክ የሚወጣው ብር በየቀበሌው አንድ አንድ ትንሽ ቦታ፣ አራት ሾላ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የልጆች ኳስ መጫወቻ ሊያደርግ ይችላል። ትልቅ ፓርክ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጥበታል፣ ትንሿ ሜዳ ግን በየቀኑ ትሰራለች።

የታቦር ልጅ፦
እኔም የምለው እሱን ነው! የታቦርን ተራራ እዩት፣ ጠዋት ጠዋት ስንት ሰው ነው የሚወጣው፣ ግን መንገዱ የሚባለው ቀጥ ብሎ ሽቅብ የወጣ ቦይ ነው፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ በዛው ይወርዳል፣ በየአመቱ ጉልበት ድረስ ይቦረቦራል። እዛ ላይ ቴራዞ አያስፈልግም። መንገዱ በተዳፋቱ አግድም እየተጠማዘዘ ቢወጣ፣ በየተወሰነ እርምጃ ድንጋይ ገደድ ብሎ ተቀብሮ ውሃውን ወደ ጎን ቢያስወጣው፣ አቋራጮቹ በእሾህ ቢዘጉና ሳር ቢመለስባቸው አለቀ፣ በአካፋና በዶማ የሰፈር ልጆች የሚሰሩት ስራ ነው። አላሙራ ተራራም እንደዛው።

የጉዱማሌ ልጅ፦
ስለ በርና ስለ አጥር ስታወሩ እኔን የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። ጉዱማሌ ማለት በሲዳማ ባህል ህዝብ የሚሰበሰብበት የጋራ ሜዳ ነው፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ የሚከበርበት፣ ሽማግሌ የሚናገርበት፣ ቄጣላው የሚጨፈርበት። በ2008 ዩኔስኮ ፍቼን ሲመዘግብ ከፃፋቸው ነገሮች አንዱ የጎሳ መሪዎች በበአሉ ቀን አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ ብለው ህዝቡን እንደሚመክሩ ነው። አስቡት፣ ዛፍ መጠበቅና የጋራ ሜዳ ለኛ ከውጭ የመጣ ሀሳብ አይደለም፣ አያቶቻችን ያለ ጥበቃና ያለ ትኬት ጠብቀውታል። እንዴት ጠበቁት? የኔ ነው ስለሚል እያንዳንዱ ሰው። አጥር ስታጥር ለሰውየው "ያንተ አይደለም" እያልከው ነው፣ ከዛ በኋላ ገራባውን ቢጥል ምን ይገርማል።

ፎቶ አንሺው፦
እኔ ሀይቅ ዳር ፎቶ እያነሳሁ ነው የምተዳደረው፣ ጓደኞቼ ለውዝና ቆሎ ይሸጣሉ፣ ጀልባ የሚቀዝፉ አሉ። ቦታ "ሲዋብ" መጀመሪያ የሚነሳው እኛ ነን። አንዴ ሌላ ቦታ እንደዚህ ታድሶ ሲያልቅ ድሮ እዛ የምንሰራው ልጆች መታወቂያ ያላችሁ፣ ማህበር ያላችሁ፣ ይሄን ያህል ቅድሚያ ክፍያ ያላችሁ ተባልን፣ ማናችንም አልነበረንም። እባካችሁ ፕላን ላይ ስትናገሩ ለኛም ቦታ አስምሩልን፣ ጥላ ያለው ትንሽ ቦታ ቢሆን ይበቃናል፣ ፅዳቱንም በተራ እንሰራለን፣ ዛሬም እኮ ጠዋት መጥረጊያ ይዘን የምንጠርገው እኛ ነን ማንም አያየንም እንጂ።

ባለሱቋ፦
ይሄስ እውነት ነው፣ ልጆቹ ሲጠርጉ አያለሁ። ሲሰደቡም እኔ ነኝ የምሰማው። ግን ልጠይቃችሁ፣ ክፍያ የለም፣ አጥር የለም፣ እሺ። ሽንት ቤቱን ማን ያፀዳል? የተቃጠለ አምፖል ማን ይቀይራል? በየቦታው እያየን አይደለም እንዴ፣ ሲመረቅ ያምራል በአመቱ ቧንቧው ተነቅሎ ወንበሩ ተሰብሮ።

ፕላን ያጠናሁ፦
የዚህ ሁሉ ክርክር ሆዱ አሁን ነው የተነካው። ፓርክ የሚሞተው በግንባታ እጥረት ሳይሆን በጥገና እጥረት ነው። ፕሮጀክቱ ሲታቀድ ግንባታው ብቻ በጀት ይያዝለታል፣ በየአመቱ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ደሞዝ ግን የማንም መዝገብ ላይ የለም። የኔ ሀሳብ፣ መራመጃው ነፃ ይሁን፣ ገንዘቡ እዛ ከሚነግደው ይምጣ። ካፌው፣ ጀልባው፣ የመኪና ማቆሚያው ኪራይ ይክፈል፣ ያ ብር ወደ አጠቃላይ ካዝና ሳይገባ እዛው ለጠራጊና ለጥበቃ እንዲውል በፅሁፍ ይታሰር። ሽንት ቤቱን በማህበር የተደራጁ ወጣቶች ይያዙት፣ ሰው ለተጠቀመበት ትንሽ ይክፈል። ሰው ለአገልግሎት መክፈል አይከብደውም፣ ለመራመድ ግን መክፈል የለበትም።

የሁለት ልጆች እናት፦
ለንፁህ ሽንት ቤት እከፍላለሁ። ዛሬም ለማልፈልገው ለስላሳ እየከፈልኩ ነው።

የወፍ አስጎብኚ፦
መኪና ማቆሚያው ከውሃው ራቅ ይበል በቃ። ዘይቱ በዝናብ ታጥቦ ቀጥታ ሀይቁ ነው የሚገባው። ባጃጅና መኪና ሀይቁ ውስጥ አስገብቶ ማጠብም ይቁም፣ ማጠቢያ ቦታ ከላይ ይዘጋጅላቸው።

ባለሱቋ፦
እሺ። የካፌው ኪራይ ለጥገና ታስሮ በፅሁፍ ከመጣ መግቢያ ይከፈል ማለቴን እተወዋለሁ። ያለዛ ግን አልተውም፣ የእህቴ ልጅ እግር ላይ ያለው ጠባሳ ገና አልጠፋም። አምፖል የተቃጠለ ቀን የምደውልለት ሰው ስልክ ግንቡ ላይ ተፅፎ ማየት እፈልጋለሁ።

የታቦር ልጅ፦
ተስማማን እህቴ። አንድ ነገር እንስራ ከዛ፣ ባዶ እጃችንን ስብሰባ ሄደን "ህዝቡ እንዲህ ይላል" ብንል ማንም አይሰማንም። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰአት፣ ከዛ ከ10 እስከ 12 ሰአት ግድቡ ላይ ቆመን እንቁጠር፣ ስንት ሴት፣ ስንት ልጅ፣ ስንት አዛውንት፣ ከየት ሰፈር እንደመጡ፣ በእግር ይሁን በባጃጅ። የትኛው ጥላ ስር እንደሚቀመጡም እንፃፍ፣ የሚተከለው ዛፍ የት መሆን እንዳለበት እሱ ይነግረናል። ማን ይመጣል?

ፎቶ አንሺው፦
እኔ ሁሌም እዛው ነኝ፣ ቆሎ የሚሸጡትንም እነግራቸዋለሁ። ከነሱ በላይ ሰው የሚያውቅ የለም።

የሁለት ልጆች እናት፦
የከሰአቱን እኔ።

ጡረተኛው መምህር፦
የጠዋቱን ለኔ ተዉልኝ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ከግድቡ ጫፍ እጀምራለሁ፣ ስም ጠርቶ መቁጠር የ30 አመት ስራዬ ነበር።