«ሽንት እምቢ አለኝ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የሂርማታ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጅማ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ባለፈው አንድ አባት መጡ። እጃቸውን ከእምብርታቸው በታች ጫን አድርገው «ልጄ፣ ሽንት እምቢ አለኝ» አሉኝ። ከኋላቸው የነበሩ እናት «እኔንም» አሉ። የሚያሳዩኝ ግን ያበጠ እግራቸውን ነው። ሁለቱን የሚለይ አማርኛ የለንም?

ነርሷ፦
አለን እንጂ፣ «ወጠረኝ» እኮ አለ! ኩላሊት ደም ያጣራና ሽንቱን በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ፊኛ ያወርዳል። ፊኛ እስኪሞላ ያጠራቅማል። «ወጥሮኛል ግን እምቢ አለኝ» ያለ ሰው ሽንት አለው፤ መውጫው ነው የተዘጋበት። በዕድሜ የገፉ ወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ ፕሮስቴት የሚባለው ከፊኛ ሥር ያለ ዕጢ አድጎ የሽንት መውጫ ቧንቧውን ሲጫነው ነው። ሳይወጥረው ሽንት የጠፋበት ግን ምናልባት ኩላሊቱ ሥራውን አቁሞ ይሆናል። ውሃው መውጫ ሲያጣ እግርና ፊት ያብጣል። ሁለቱም ለነገ አይባሉም፣ ቶሎ ወደ ሐኪም።

ግዕዝ ወዳድ፦
ኩላሊት ካነሳን፣ መዝሙር 7 ላይ እግዚአብሔር «ልብንና ኩላሊትን ይመረምራል» ይላል። የሰው የውስጥ ሐሳብ ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ ወገቡን ያመመው ሁሉ «ኩላሊቴን» ይላል። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ቡና ለቅሞ፣ ማታ ኩላሊቱን ይከሳል። ጡንቻው ነዋ!

የሂርማታ ልጅ፦
ሃሃ፣ ልክ ነህ። «ቆሻሻ ማስወገድ» ሲባልስ ሰገራንም ይጨምራል?

ነርሷ፦
በተራ አማርኛ አዎ። በሥነ ሕይወት ግን ይለያል። የሰገራ ብዙው ክፍል አንጀት ውስጥ አልፎ የወጣ የምግብ ትራፊና ባክቴሪያ ነው፤ ደም ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሽንት ግን ከደም የተጣራ ነው። ፕሮቲን ሲፈርስ አሞኒያ ይወጣል፣ መርዝ ነው። ጉበት ወደ ዩሪያ ይቀይረዋል፣ ኩላሊት ያስወጣዋል። ሁለቱ ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ያጣራሉ። ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ነው፣ ሌላው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሳንባ ድርሻ ነው። ላብም ትንሽ ያግዛል።

ግዕዝ ወዳድ፦
ሐሞትን ረሳሽው። «ሐሞቱ ፈሰሰ» ስንል ወኔው ከዳው ማለታችን ነው። ሐኪም ቤትስ?

ነርሷ፦
እዚያማ መፍሰሱ ጤና ነው! ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ቢጫ ነገር ይተርፋል። እሱ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይወርዳል። ሰገራን ቡናማ የሚያደርገው እሱ ነው። ስለዚህ ቅድም ያልኩት ክፍፍል እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ ይኼ ከደም የመጣ ነው፣ መውጫው ግን ሰገራ። መንገዱ ከተዘጋ ሰገራው ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል።

የአባ ጅፋር ሰፈር፦
ለካርድ ክፍሉ ወንድማችን፦ ከገጠር የሚመጡት ብዙዎቹ ኦሮምኛ ተናጋሪ ናቸው። ሽንት «ፊንጫን»፣ ኩላሊት «ከሌ» ነው። ትልቅ ሰው በሰው ፊት ስለ ሽንት መናገር ያፍራል፤ ጠጋ ብለህ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠይቃቸው። «ወጥሮዎታል?» ካልክ በኋላ «መጨረሻ የወጣልዎት መቼ ነው?» በል። ነርሷ ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ የምትጠይቃቸው እሱን ነው።

ነርሷ፦
አዎ፣ እሱንና የሚወስዱትን መድኃኒት።