የአልማዝ መሳያ ለቶርኖ መሮ ይሆናል?

ሰላም ወገኖች። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ በእንጨት ቶርኖ የአልጋ እግርና የደረጃ ምሰሶ እሠራለሁ። ወይራ ሲሆን መሮው ቶሎ ይደነዝዛል። ግራጫው መሳያ ድንጋይ መሃሉ እየተበላ ስላስቸገረኝ የአልማዝ መሳያ ገዛሁ። ለካርባይድ (በጣም ጠጣር ለሆነው የመሮ ጫፍ) ግሩም ነው! ጭንቀቴ ሃይ ስፒድ ስቲል (ሙቀት የሚችል የመሣሪያ ብረት) የሆኑት ጎድጓዳ መሮዎቼ ናቸው። አንዱን ሳስነካው ጥቁር ነገር መሳያው ላይ ተለጠፈ። አልማዝ ካርቦን ነው፤ በጣም ሲግል ብረቱ ይበላዋል። ለዚህ ብረት የሚሻለው ሲቢኤን (ከቦሮንና ከናይትሮጅን የሚሠራ፣ ካርቦን የሌለው ጠንካራ መሳያ) ነው፤ እሱን ግን እዚህ አጣሁት። የመሳያዬ ሞተር በደቂቃ 2,850 ዙር ነው። ወደ 1,450 ባወርደውና በስሱ ብነካካው ይችላል? ውሃስ ላንጠባጥብ? የተለጠፈውንስ በምን ላጽዳው? በእጃችሁ የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። የተቀበልኩት ሥራ አለ፤ በደነዘዘ መሮ ያንን የመሰለ ወይራ መቦጨቅ አልፈልግም።