ሞተሩ ባይኖር ሃምሳዎቹን ማን ያውቃቸው ነበር?

የካዛንቺሱ፦ ትናንት ማታ አንድ የፊልም ውይይት ላይ ተናጋሪው «ዘ ግሬት ኢስኬፕ ስለ እስረኛ ማምለጥ ከተሠሩት ሁሉ እውነተኛው ፊልም ነው» አለ። ጠያቂውም ዝም ብሎ አለፈው። እስካሁን ንዴቴ አልበረደም። ፊልሙ ገና ሲጀምር ታሪኩ እውነተኛ ነው የሚል ጽሑፍ ያወጣል። ገጸ ባሕርያቱ ከብዙ ሰው የተውጣጡ ናቸው፣ ጊዜና ቦታም ተጨምቋል፣ የማምለጡ ዝርዝር ግን ሁሉም እንደተፈጸመው ነው ይላል። እሺ፣ እንይ። እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1944 ሌሊት ጀርመኖች የተማረኩ አብራሪዎችን ካሰሩበት ከሽታላግ ሉፍት 3 ካምፕ በዋሻ ወጥተው ያመለጡት 76 ሰዎች ናቸው። አንድም አሜሪካዊ የለባቸውም። ሃምሳዎቹ በኋላ ተይዘው ተረሽነዋል። ዋሻውን ሲያግዙ የነበሩት አሜሪካኖች ከወራት በፊት ወደ ሌላ ግቢ ተዛውረዋል። ታዲያ ፊልሙ ላይ አሜሪካዊው ተዋናይ ስቲቭ ማክዊን በሞተር ሳይክል የጀርመን አጥር ሲዘልል ምን ይሠራል?

ቀይ መጋረጃ፦ እንደገና ይቺ ሞተር ሳይክል! ወንድሜ፣ ፊልሙ ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ሁለቱ ሰዓት ቁፋሮ፣ ፓስፖርት ማስመሰል፣ ልብስ መስፋት፣ አፈር መደበቅ ነው። ያ ሁሉ የሆነ ነገር ነው። አንተ ግን አንዷን ዝላይ ይዘህ ሙጭጭ አልክ። እውነቱን ልንገርህ? ሞተሩ ባይኖር ሃምሳዎቹን ማን ያውቃቸው ነበር? ከተሠራ ስልሳ ዓመት አልፎት እኔና አንተ አዲስ አበባ ቁጭ ብለን የምንጨቃጨቅበት በዚያች ዝላይ ምክንያት ነው።

የካዛንቺሱ፦ «ሞተሩ ባይኖር ማን ያውቃቸው ነበር» አልክ? ይህን ዐረፍተ ነገር አስቀምጥልኝ፣ እመለስበታለሁ። ሃምሳ ሰው ተረሽኗል። የተረሸኑትን ለማስታወስ እዚያ ያልነበረ ሰው መዝለል ነበረበት?

ፊልም ወዳዷ፦ አጥሩን የዘለለው እኮ ማክዊንም አይደለም፣ በድ ኤኪንስ የሚባል ጓደኛው ነው። ሞተሩም የእንግሊዝ ትራያምፍ ነው፣ የጀርመን አስመስለው ቀብተውት ነው እንጂ። ማክዊን ሞተር ስለሚወድ ማሳደዱ ይግባልኝ ብሎ አስገባ። አንዳንዱ ቦታ ላይ የጀርመን ልብስ ለብሶ የሚያሳድደውም ራሱ ነው። ይህን የምለው ለማጣጣል አይደለም። ያ ክፍል ከታሪኩ ሳይሆን ከተዋናዩ ፍላጎት የመጣ መሆኑን ለማሳየት ነው። የፊልሙ ጣሪያ ደግሞ እሱ ሆነ።

ቀይ መጋረጃ፦ ኮከብ ያለው ፊልም እንዲህ ነው የሚሠራው። ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ኮከቡን ይፈልጋል፣ ኮከቡ ደግሞ የራሱን ሰዓት ይፈልጋል። በ1963 ያለ አሜሪካዊ ተዋናይ ያን የሚያህል ፊልም ማን ይሠራልህ ነበር? ስድስት መቶ እስረኛ ነው ሥራው ላይ የተሳተፈው። ስድስት መቶውን በስም ልታሳየኝ ነው? አይቻልም። ስለዚህ አንዱ ቆፋሪ፣ አንዱ አስመሳይ፣ አንዱ ልብስ ሰፊ፣ አንዱ ዕቃ ፈላጊ ይሆናል። እያንዳንዱ በሙያው ይታወሳል። ይህ ማታለል አይደለም፣ ተረክ ማለት ይኸው ነው።

የካዛንቺሱ፦ በሙያ መከፋፈሉን መቼ ጠላሁ? እሱ ውብ ነው። ሦስት ዋሻ በአንድ ጊዜ መጀመራቸው፣ ቶም፣ ዲክና ሃሪ ብለው መሰየማቸው፣ የሃሪ መግቢያ ከምድጃው ሥር መሆኑ፣ ዘጠኝ ሜትር ያህል ወደታች ወርደው መቶ ሜትር ገደማ መቆፈራቸው፣ የአልጋ ጣውላ ነቅለው ግድግዳውን መደገፋቸው፣ በዱቄት ወተት ጣሳ የአየር ቱቦ መሥራታቸው። የታችኛው አሸዋ ከላይኛው ግራጫ አፈር ጋር ስለማይመሳሰል ሱሪያቸው ውስጥ ባንጠለጠሉት ከረጢት እየበተኑ እንደ እረፍት መንሸራሸራቸው። ይህ ሁሉ ከማንም ዝላይ ይበልጣል። ፊልሙ ይህን ይዞ እያለ ለምን በራሱ አላመነም?

የደብረ ዘይቱ፦ ልጆች፣ አሸዋውን የመደበቁን ነገር ያነሳኸው ጥሩ ነው። እኔ አየር ኃይል ውስጥ ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ያን ፊልም ሳየው የሚያስጨንቀኝ ሞተሩ አይደለም፣ ሜዳው ላይ ያሉት ናቸው። አንድ መኪና ሙሉ እስረኛ በአንድነት አውርደው በመትረየስ ሲፈጇቸው ያሳያል። እንደዚያ አልነበረም። የናዚ ሚስጥራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ሁለት ሦስት እያደረገ፣ አንዳንዱንም ለብቻው፣ መንገድ ዳር አውርዶ ከኋላ ነው የመታቸው። ከዚያ በየወረቀቱ «ሊያመልጥ ሲል ተመታ» እያለ ጻፈ። መሪያቸው ሮጀር ቡሸል ከአንድ ፈረንሳዊ ጓደኛው ጋር ነው የተገደለው። ካምፑ ውስጥ የቀረው አንጋፋው የእንግሊዝ መኮንን ማሲ «ስንት ቆሰለ?» ብሎ ሲጠይቅ የቆሰለ የለም አሉት። እስቲ አስቡት፣ ሃምሳ ሰው ሊያመልጥ ሲል ተመትቶ አንድም ቁስለኛ የለም! ግድያውን የጠቆመው ይህ ጥያቄ ነው። ፊልሙ አንድ ሜዳ ላይ ሲሰበስባቸው የቢሮውን ውሸት፣ የፊርማውን፣ የየከተማውን ገዳይ ሁሉ አጠፋው።

ቀይ መጋረጃ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምቃወምዎት። ሃምሳ ግድያ ሃምሳ ቦታ ማሳየት አይቻልም። ተመልካቹ ደንግጦ ዝም የሚለው በአንድ ጊዜ ሲያየው ነው። ደግሞም ፊልሙ ሲያልቅ ለሃምሳዎቹ መታሰቢያ ይሁን ብሎ ይዘጋል። ይህን የጻፈ ሰው አልረሳቸውም።

የደብረ ዘይቱ፦ አንድ ማሳየት ይቻላል ልጄ። አንዱን መኪና፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ገዳይ። ከዚያ ወረቀቱን። ሃምሳ ቦታ ማሳየት የሚያስፈልግ አይደለም።

ፊልም ወዳዷ፦ ጋሼ ያሉትን የሠራ ሰው አለ እኮ! ሮቤር ብሬሶን በ1956 የሠራው የፈረንሳይ ፊልም ርዕሱ ራሱ የሞት ፍርደኛው ማምለጡን ይነግርሃል። መጨረሻውን አውቀህ ነው የምትገባው። ሊዮን ከተማ ሞንሉክ እስር ቤት ከነበረው ከአንድሬ ዴቪኒ ታሪክ ነው የተወሰደው፣ ዴቪኒ በ1943 ነው ያመለጠው። ብሬሶን ራሱም የጀርመን ምርኮኛ ሆኖ ያውቃል። ፊልሙ ውስጥ አንድ ሰው፣ አንድ በር፣ አንድ ማንኪያ ነው ያለው። ማንኪያውን ወለሉ ላይ ይስላል፣ በበሩ ሳንቃዎች መካከል ይፍቃል፣ ፍርፋሪውን ይጠርጋል፣ ዘበኛ ሲመጣ ያቆማል፣ እንደገና ይፍቃል። ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት። ኮከብ የለም፣ ሞተር የለም፣ ተዋናዮቹ እንኳ ባለሙያ አይደሉም።

ቀይ መጋረጃ፦ እና ስንት ሰው አይቶታል? እዚህ ያለን ስንቶቻችን አይተነዋል? ያየህ እጅህን አውጣ።

የካዛንቺሱ፦ ተመለስንበት። «ሞተሩ ባይኖር ማን ያውቃቸው ነበር።» አንተ የምትለኝ ሙታኑ የሚታወሱት የሚያዝናና ሰው ሲገኝላቸው ነው። ይህን እቃወማለሁ። ስማቸውን ፊልሙ አንድም አላለም። ከሃምሳዎቹ ስድስቱ ካናዳውያን፣ ስድስቱ ፖላንዳውያን ናቸው። ያን ፊልም አይቶ አንድ ካናዳዊ ስም የሚጠራልኝ ይምጣ። ከተረሸኑት ያልነበረው ሌላው ካናዳዊ ዎሊ ፍሉዲ ቁፋሮውን የመራ ሰው ነው፣ ለፊልሙም አማካሪ ሆኖ ተቀምጧል። ማስታወቂያው ላይ የተሸጠው ግን ማክዊን ነው።

ዲሲ ያለሁት፦ እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው፤ እዚህ ሰው ይህን ፊልም የሚያውቀው በቃ በሞተሩ ነው። በዓል ሲሆን ቴሌቪዥን ላይ ይመጣል፣ የሥራ ባልደረቦቼ ሙዚቃውን ያፏጩታል። ስለ ሃምሳዎቹ ስጠይቃቸው «አዎ፣ አንዳንዶቹ ሞተዋል» ይሉኛል። ቀይ መጋረጃ፣ ለአንተ መልሱ ይኸው። ሞተሩ ሃምሳዎቹን አላሳወቀም፣ ራሱን ነው ያሳወቀው።

ቀይ መጋረጃ፦ የባልደረቦችህ ስንፍና የፊልሙ ጥፋት ነው እንዴ? እኔ ለምሳሌ ፊልሙን ልጅ ሆኜ ቪዲዮ ቤት አይቼ ነው በኋላ ላይ ታሪኩን ያነበብኩት። መጀመሪያ ያቺ ዝላይ ባትይዘኝ አላነብም ነበር። እንደኔ ያለ ብዙ ነው። መንገዱ ይኸው ነው፣ ትወደውም አትወደውም።

ተራራ ወጪው፦ ማምለጥ ሁልጊዜ በአጥር ዝላይና በመትረየስ ነው ያለው ማን ነው? የኛን አገር የሚነካ አንድ ታሪክ ልጨምር። ፌሊቼ ቤኑትሲ የሚባል ጣሊያናዊ ነበረ። እዚህ ኢትዮጵያ በቅኝ አስተዳደሩ ሲሠራ በ1941 እንግሊዞች ያዙትና ኬንያ ናንዩኪ ካምፕ ላኩት። በጃንዋሪ 1943 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አመለጠ፣ ኬንያ ተራራ ላይ ወጣ፣ ሌናና ጫፍ ላይ የጣሊያን ባንዲራ ተከለ፣ ከዚያ በገዛ እጁ ወደ ካምፑ ተመለሰ! ለመውጣት የተጠቀሙበት ሥዕል የሥጋ ቆርቆሮ ላይ ያለ መለያ ነበር። አሳዳጅ የለ፣ ተኩስ የለ፣ መጨረሻው መመለስ ነው። ይህን የሆሊውድ አሠራር ሊይዘው ይችላል?

የካዛንቺሱ፦ አንተ ደግሞ ምን ነካህ? የፋሺስት ቅኝ ገዥ ሹም ልታጀግንልን ነው? አያቶቻችን በነሱ እጅ ካምፕ ሲታጎሩ ማን ተራራ ወጣላቸው?

ተራራ ወጪው፦ አላጀገንኩትም። ስለ አተራረክ ነው የማወራው። ምን ሊሠራ እንደመጣ አውቃለሁ፣ አያቴም አርበኛ ነበሩ። ያን እውነት ይዞም ታሪኩን መንገር ይቻላል፣ እንዲያውም ይዞ ነው መነገር ያለበት።

የደብረ ዘይቱ፦ የራሳችን ሰው እያለ ኬንያ ምን አስኬደን? የኛው ተዋጊ አብራሪ ለገሰ ተፈራ ሶማሊያ ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ታስሯል። አስራ አንድ ዓመት! ያን ፊልም የሚሠራ ልጅ ቢመጣ አጥር የሚያስዘልለው ይመስለኛል፣ ያስፈራኛልም። ያ ሰው የሚከበረው በመቆየቱ ነው። ቀኑን እንዴት እንደገፋው፣ አእምሮውን በምን እንደጠበቀ አሳዩኝ። እሱ ካልታየ አልፈልገውም።

ፊልም ወዳዷ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለዚህ ነው እኔም ማንኪያውን ያነሳሁት።

ቀይ መጋረጃ፦ ጋሼ፣ አስራ አንድ ዓመት መቆየትን ያለ አንዳች ከፍታ ሁለት ሰዓት ማን ይቀመጥልዎታል? ሰው ትኬት ከፍሎ ነው የሚገባው። እኔ ጀግናውን ከእርስዎ ባልተናነሰ አከብራለሁ፣ ነገር ግን ሲኒማ አዳራሹ ባዶ ከሆነ አንዱም ልጅ አያውቀውም።

የካዛንቺሱ፦ ይኸው ሦስተኛ ጊዜ ተናገርከው፣ አሁን በጀግናችን ላይ። ይህን ሐሳብ ካልተውከው ነገ ለለገሰም ሞተር ትገዛለታለህ።

ቀይ መጋረጃ፦ ስድብህን ተውና አንድ ነገር መልስልኝ። ፊልሙ ውስጥ ያለውን ማክዶናልድን ታስታውሰዋለህ? ሌሎቹን ሲያሠለጥን «በእንግሊዝኛ ድንገት ቢያናግሯችሁ እንዳትመልሱ» እያለ የሚፈትናቸው። አውቶቡስ ላይ ሊወጣ ሲል ጀርመናዊው በእንግሊዝኛ መልካም ዕድል ይለዋል፣ እሱም አመሰግናለሁ ብሎ ይመልሳል። በገዛ ፈተናው ወደቀ። ይህም የአተራረክ ብልሃት ነው፣ ከዝላይዋ በምን ይለያል? ያን ስታይ አልተሳቀቅክም?

የካዛንቺሱ፦ ተሳቅቄያለሁ። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ያ ብልሃት ሊፈጸም የሚችል ነገር ላይ ቆሟል፣ የሚያሳየኝም ፍርሃት ነው፣ ሰው ደክሞት እንዴት እንደሚሳሳት ነው። ዝላይዋ የምታሳየኝ ፍርሃት የሌለው ሰው ነው። እነዚያ 76ቱ ግን ፈርተዋል። መሬቱ ላይ በረዶ ነበር፣ ዋሻው ጫካው ጋ ሳይደርስ አጥሮ ሜዳ ላይ ነው የወጣው፣ 77ኛው ሰው ሲወጣ ዘበኛ አየው። ፊልሙ ያን ብርድ ትቶ አረንጓዴ መስክ ሰጠን። በረዶ ውስጥ በስስ ኮት የሚሄድ ሰውና በጸሐይ በሞተር የሚጋልብ ሰው አንድ አይደሉም።

ዲሲ ያለሁት፦ በመጨረሻ ያመለጡትስ? ሦስት ናቸው፣ ሁለት ኖርዌያውያንና አንድ ሆላንዳዊ። በርግስላንድና ሙለር በባቡር ሽቴቲን ደርሰው ስዊድናውያን መርከበኞች ደበቋቸው። ፋን ደር ስቶክ ሆላንድን፣ ቤልጂየምን፣ ፈረንሳይን አቋርጦ ስፔን ገባ። ፊልሙ የእነሱን መንገድ ወስዶ ለአውስትራሊያዊ፣ ለፖላንዳዊና ለእንግሊዛዊ አከፋፈለው። ሙታኑ ስም የላቸውም፣ የተረፉትም አገራቸው ተቀይሯል።

ቀይ መጋረጃ፦ ከብዙ ሰው የተውጣጡ ናቸው ብሎ መጀመሪያ ላይ ተናግሯል አላልንም?

የካዛንቺሱ፦ የማምለጡ ዝርዝር ሁሉ እንደተፈጸመው ነው ብሎም ተናግሯል! የቱን ልመነው?

ቀይ መጋረጃ፦ ሁለቱን አንድ ላይ አንብበው። እኔ ነገ ማታ እንደገና አየዋለሁ፣ ለልጄም አሳየዋለሁ፣ ሲያልቅ ስለ ሃምሳዎቹ እነግረዋለሁ።

የካዛንቺሱ፦ ንገረው። ስማቸውንም ጨምርለት፣ ቡሸል ብለህ ጀምር። ከዚያ ልጅህ ሞተረኛው ማን ነበር ብሎ ሲጠይቅህ ምን እንደመለስክለት እዚሁ ጻፍልን፣ እኔ እጠብቃለሁ።