ስኪና ስኖውቦርድ ምን አጣላቸው?

የማራኪ ልጅ፦
ሰላም ጎንደሬዎች። የአጎቴ ልጅ ኮሎራዶ ነው የሚኖረው፣ ዘንድሮ ስኖውቦርድ ልጀምር ብሎ ተነስቷል። የሥራ ባልደረቦቹ ስኪ ተጫዋቾች ናቸው፤ ቦርድ ከያዝክ ከእኛ ጋር አትወጣም አሉት። ስኪው በሁለት ቀጫጭን ጣውላ፣ ስኖውቦርዱ ሁለቱም እግር በሚታሰርበት አንድ ሰፊ ጣውላ ይሁን እንጂ፣ ሁለቱም በረዶ ላይ ቁልቁል መንሸራተት አይደል እንዴ? ፒያሳ ጓደኞቼን ብጠይቅ የሚያውቅ አጣሁ። እስኪ አስረዱኝ።

አዘዞ ተወልጄ ዴንቨር፦
ጠቡ የቆየ ነው፣ መነሻውም ክልከላ ነው። ስኪ ከመጀመሪያው የክረምት ኦሎምፒክ፣ ከ1924 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ስኖውቦርድ ግን ገና ልጅ ነው። በ1965 ሚሺጋን ውስጥ ሸርማን ፖፐን የሚባል ሰው ሁለት ስኪ አንድ ላይ አያይዞ ለሴት ልጆቹ መጫወቻ ሠራ፤ በ1977 ደግሞ ጄክ በርተን ቨርሞንት ላይ ቦርድ እየሠራ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ወጣቶች ቦርዳቸውን ይዘው ሲመጡ አብዛኞቹ የስኪ ቦታዎች ሊፍት ላይ (ወደ ተራራው ላይ የሚያወጣው ተንጠልጣይ ወንበር ላይ) አናሳፍርም አሏቸው። አደገኛ ነው፣ ኢንሹራንስ አይሸፍነውም፣ ሥርዓት የላቸውም፣ ብቻ ሰበቡ ብዙ ነበር። በር የተዘጋበት ሰው ደግሞ ቂም ይይዛል። በ1998 ናጋኖ ኦሎምፒክ ሲገቡ እንኳ ውድድሩን እንዲመራ የተደረገው የስኪው ፌዴሬሽን ስለነበር፣ በጊዜው ቁንጮ የነበረው ኖርዌያዊው ተርዬ ሆኮንሰን አልሄድም ብሎ ቀረ።

ጃንተከል፦
ታሪኩ ልክ ነው፣ ግን ዛሬ የሚያነታርካቸው አቋቋማቸው ነው። ጣልያን ሳለሁ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ስኪ ላይ ፊትህ ወደ ቁልቁለቱ ነው፣ ግራ ቀኙን ታያለህ። ቦርድ ላይ የምትቆመው በጎንህ ነው፣ ከጀርባህ በኩል ያለው አይታይህም፤ ወደዚያ ስትታጠፍ ከላይ በፍጥነት የሚመጣ ስኪ ተጫዋች ካለ ትላተማላችሁ። ሌላው መቀመጡ ነው። ከሊፍት ሲወርዱ አንድ እግራቸው ስለተፈታ እሱን መልሰው ለማሰር መሀል መንገድ ቁጭ ይላሉ፣ ይሄ ያናድዳል፣ እውነት ነው። ሕጉ ግን ለሁለቱም አንድ ነው፦ ከላይ የሚመጣው ነው ከታች ላለው መጠንቀቅ ያለበት። ስለዚህ ከኋላ መጥተህ ገጭተህ "ቦርደሩ አላየኝም" ማለት አይሠራም።

ከቀሃ ማዶ፦
እኔን የሚያበሳጨኝ ክልከላው እስካሁን መኖሩ ነው። ዩታ ውስጥ አልታና ዲር ቫሊ፣ ቨርሞንት ውስጥ ማድ ሪቨር ግሌን ስኖውቦርድ አያስገቡም። አልታ እኮ አብዛኛው መሬቱ የመንግሥት ደን ነው! በ2014 ቦርደሮች ከሰሱ፣ በ2016 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ለአልታ ፈረደ። የሕዝብ መሬት ላይ በያዝከው ዕቃ ምክንያት መባረር በጭራሽ አይዋጥልኝም። ሁለቱ አብረው አይሄዱም ለሚል ሰው ደግሞ ቼካዊቷ ኤስተር ሌዴትስካ አለችለት፤ በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ በአንድ ኦሎምፒክ በስኪም በስኖውቦርድም ወርቅ ወስዳለች።

ደባርቅ፦
የእኛውን ሮቤል ተክለማርያምንም አትርሱ። በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል። ሰሜን ተራሮች ላይ እንሞክር ለምትሉ ግን፣ ራስ ደጀን ጫፍ ላይ አንዳንዴ በረዶ ይጥላል እንጂ ለመንሸራተት የሚሆን አይቆይም።

የማራኪ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ ለጀማሪ የቱ ይሻለዋል?

አዘዞ ተወልጄ ዴንቨር፦
መጀመሪያ ላይ ስኪ ይቀላል፣ እግሮችህ አንድ ላይ ስላልታሰሩ ሚዛን ትጠብቃለህ። ቦርድ ጅማሬው ላይ መውደቅ ብቻ ነው፣ ከያዝከው በኋላ ግን ቶሎ ትሻሻላለህ፣ ጥልቅ በረዶ ላይ ደግሞ ደስታው ሌላ ነው። ልቡ ቦርድ ካለ ቦርድ ይማር፣ ለእነሱ ብሎ አይተው። ሲወድቁ እጅ ስለሚቀድም የእጅ አንጓ መከላከያና ሄልሜት ይግዛ፣ የመጀመሪያ ቀኑንም ከአስተማሪ ጋር ይውጣ።